ለዳኛው ያልተነገረው

መነጽር ሠሪዋን ሰፈሩ የሚያውቃት ከአንዲት ልጅ ጋር ነው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት፣ ማታ ወደ ቤት፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ልጅቷ እየጠየቀች እሷ እየመለሰች ያልፋሉ። ልጅቷ ጥያቄ ስለማያልቅባት ሰፈሩ «ጥያቄ» የሚል ስም አውጥቶላታል፤ ትክክለኛ ስሟን የሚያስታውሰው የክፍል መምህርቷ ብቻ ናት ማለት ይቻላል። ያላወቀ ሰው እናትና ልጅ ይላቸዋል። ጥያቄ ግን የእህቷ ልጅ ናት። ታላቅ እህቷ የስምንት ወር ሕፃን ለታናሿ ትታ ነው ያረፈችው። አባትየው ሐዘኑ ሳይበርድለት ባሕር ማዶ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። ሦስተኛውን አልጻፈም።

ከስድስት ዓመት ከምናምን በኋላ ሰውየው ተመለሰ። ክፉ ሰው ሆኖ ቢመለስ ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ግን ደህና ሰው ሆኖ መጣ፤ ያገባት ሴት ጨዋ፣ የተከራየው ቤት ሰፊ፣ እጁ ላይ ለልጁ የገዛላት ቀይ ጃንጥላ። «ልጄን ልውሰድ» አለ። «ሞቼ ነው!» አለችው። እሷም ስትቆጣ፣ እሱም ሲቆጣ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም አባት በሕይወት እያለ፣ አቅምም እያለው፣ ልጅ ከአክስቷ ጋር የምትቆይበት ምክንያት የለም ብሎ ወሰነ። ትምህርት ሲዘጋ፣ ማለትም በሰባት ሳምንት ውስጥ፣ ታስረክብ ተባለ።

ከውሳኔው ሁሉ ያንገበገባት ይኸው «ታስረክብ» የሚለው ቃል ነው። የሚረከቡት ዕቃ ነው። ይቺ ግን በክረምት ጉሮሮዋን የሚያማት፣ ካልሲዋን ገልብጣ የምታደርግ፣ ጥርሷ በወለቀ ቁጥር ሰብስቦ የሚያስቀምጥላት ሰው የምትፈልግ ልጅ ናት።

ይህን ሁሉ የምትነግረው አንድ ሰው ነበራት።

ቀያሹን ያወቀችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። መንገድ ከመሠራቱ በፊት አገር ላገር ዞሮ መሬት የሚለካ ሰው ነው፤ ፀሐይና አቧራ የጨረሰው መነጽር ይዞ ወደምትሠራበት መነጽር ቤት መጣ። «ቀጥ ብለህ እኔን ተመልከት» ብላ በሁለት ዓይኖቹ መካከል ያለውን ርቀት ስትለካ፣ የለካችው ቁጥር ጠፋባትና ደግማ ለካች። ያን ሳምንት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ብሎኑ ላላ» ብሎ። ብሎኑ አንድም ቀን ላልቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ፍቅራቸው በአብዛኛው በደብዳቤ ሆነ። እሱ ለወራት መስክ ይወጣል፤ በካሬ ካሬ የሥራ ወረቀት ጀርባ ይጽፍላታል፤ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ጎርፉ፣ ስለ እሷ። ሲመለስ እጇን ይዞ ይዞራል። ቤቱ ግን ወስዷት አያውቅም። ትላልቅ በር ባለበት ሰፈር እንደሚኖር፣ እናቱ ስም ያላቸው እመቤት እንደሆኑ ታውቃለች። አባቱን ስትጠይቀው «የመንግሥት ሠራተኛ ነው» ብሎ ያልፋል። «ከዚህ መስክ ስመለስ ቤት እወስድሻለሁ» ይላታል። መስኩ አያልቅም። እሷም የመነጽር ቤት ሠራተኛ መሆኗን፣ የሰው ልጅ አቅፋ መኖሯን እያሰበች፣ ጥያቄውን ውጣ ታድራለች።

ክርክሩ በተካሄደባቸው አራት ወራት እሱ ሩቅ መስክ ላይ ነበር። «ስለ ልጅቷ ተካስሰናል» ብላ ጽፋለታለች፤ የዳኛው ስም ግን ለፍቅር ደብዳቤ የሚሆን ነገር ስላልመሰላት አልጻፈችውም። በችሎት ሰምታዋለች፤ የቀያሹ አባት ስም ነው። ግን በዚያ ስም የሚጠራ ስንት ሰው አለ! በእነሱ ሰፈር እንኳ ሥጋ ሻጩም፣ ጎሚስታውም ስማቸው እሱው ነው።

ቀያሹ ከመስክ በተመለሰ ዕለት አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ተቀመጡ። የውሳኔውን ግልባጭ ከካኪ ፖስታ አውጥታ ሰጠችው።

«ጠበቃ ይዤ ይግባኝ ልጠይቅ ነው» አለችው። «ከጥርስ ሐኪሙ ፎቅ ሥር ቢሮ ያላቸውን ሴትዮ ነው ሰው የጠቆመኝ። ግን አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ብቻዬን የምመጣ ሴት አይደለሁም። ይግባኙን ከረታሁ ሁለት ሆነን ነው የምንመጣልህ። ከከበደህ አሁኑኑ ንገረኝ።»

«ቆይ አንብቤ ልጨርስ» አለ ፈገግ ብሎ።

ገጹን እየገለጠ አነበበ። አንዴ ቀና ብሎ በስስት አያት። ከዚያ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰና ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ።  ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ ፖስታው ውስጥ መለሰ።

«ምነው?»

«ነገ... ነገ እመጣለሁ» አለና ተነሣ። ሻዩን እንዳልቀመሰው ያየችው ከሄደ በኋላ ነው።

ነገ አልመጣም። ከነገ ወዲያም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን የመነጽር ቤቱ ባለሱቅ «ያ ልጅ ትቶልሽ ሄደ» ብለው የታሸገ ደብዳቤ ሲሰጧት ገልብጣ አየችውና ሌንስ የምታስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከከበደህ ንገረኝ ብላዋለች፤ ነገራት ማለት ነው። ይቅርታውን ደግሞ ለማንበብ ዓቅም አልነበራትም። ቀኑን ሙሉ የሰው መነጽር ስትወለውል ዋለች፤ ሁሉም ጭጋግ ያዘባት።

*

የጠበቃዋ ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ ከላይ ደግሞ የጥርስ ሐኪሙ መሰርሰሪያ ያፏጫል። ከሁለቱ በሮች የትኛው የበለጠ እንደሚያም ለአፍታ አስባ፣ የጠበቃዋን አንኳኳች።

ጠበቃዋ ስድሳን የተሻገሩ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ በመዝገብ ክምር መሐል አንገታቸው ብቻ የሚታይ ሴት ናቸው። ግልባጩን ተቀብለው አንድ መነጽር አደረጉ። ከዚያ በላዩ ላይ ሌላ ደረቡበት።

መነጽር ሠሪዋ የመጣችበትን ነገር ረሳችው። «እትዬ፣ ደርበው ነው እንዴ የሚያነቡት?»

«አንዱ ለቅርብ ነው፤ ሌላው በጣም ለቅርብ።»

«ዓይንዎን እኮ ያበላሹታል! ነገ ሱቅ ብቅ ይበሉና አንድ አድርጌ እሠራልዎታለሁ።»

«በመጀመሪያ ያንቺን እንይ» አሉና አንገታቸውን ደፉ። ገጽ በገጽ፣ በእርሳስ ነጥብ እያደረጉ አነበቡ። ከላይ መሰርሰሪያው ዝም አለ፤ እንደገና ጀመረ።

«ያለ ጠበቃ ነው የተከራከርሽው?»

«አዎ። እውነቱን ከተናገርሁ ይበቃል ብዬ።»

«አለቀስሽም?»

«አለቀስሁ።»

«እውነቱ መዝገብ ላይ ካልገባ ዳኛው ከየት ያመጣዋል ልጄ? እንባ ደግሞ ጸሐፊው አይመዘግበውም።» ቀና አሉ። «ስሚኝ። ይግባኝ ዳኛን መስደብ አይደለም። ‹እዚህ ላይ መታየት ሲገባው ያልታየ ነገር አለ› ብሎ በጣት ማሳየት ነው። እስኪ ንገሪኝ፤ ቤታችሁ መጥቶ አኗኗራችሁን ያየ ባለሙያ ነበር?»

«ማንም አልመጣም።»

«ልጅቷንስ? ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቃት አለ?»

«ስንከራከር ኮሪደር ላይ ነበር የምትቀመጠው። ማን ይጠይቃታል? እሷ ናት ያገኘችውን ዘበኛ ሁሉ ስትጠይቅ የነበረችው።»

«ኮሪደር» አሉ ጠበቃዋ። ጻፉት። ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። «በዚህ እንሄዳለን። ይግባኙ እስኪታይ ርክክቡ እንዲታገድም ዛሬውኑ እናመለክታለን።»

የውክልናውን ወረቀት ፈረመች። ልቧ ከአሥራ ምናምን ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታው የተመለሰ መሰላት። ጠበቃዋ ግን አላሰናበቷትም። ሁለቱንም መነጽር አወለቁ።

«አሁን የማልወደውን ነገር ልነግርሽ ነው፤ ጠበቃሽ ስለሆንሁ መደበቅ አልችልም። ከትናንት ወዲያ አንድ ወጣት እዚህ መጥቶ ነበር። ፀሐይ ያጠቆረው፣ ረጅም። ‹ይቺን ሴት እወዳታለሁ፤ ልመሰክርላት እፈልጋለሁ› አለኝ። ‹ምን ብለህ?› ብለው፣ ‹ውሳኔውን የሰጠው ዳኛ አባቴ ነው› አለኝ።»

መነጽር ሠሪዋ ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘች። «የማን... የዳኛው ልጅ?»

«አታውቂም ነበር ማለት ነው።» ጠበቃዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይኸውልሽ። ልጁ ‹አባቴ ስለ እሷ ምንም አያውቅም› ብሎኛል። ግን እኛ ‹ዳኛው ልጃቸው የወደዳትን ደሃ ሴት ከመንገዱ ለማራቅ ብለው ነው የፈረዱባት› ብለን ብንጽፍ፣ ልጁም ቆሞ ፍቅራችሁን ቢመሰክር፣ ውሳኔው ባንድ ቀጠሮ ሊፈርስ ይችላል። አባትየው አላውቅም ነበር ቢል ማን ያምነዋል? እኔ ይህን መንገድ አልወደውም። መንገዱ መኖሩን ካልነገርሁሽ ግን በደልሁሽ። ልጅቷ ያንቺ ናት። አስቢበት።»

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታስታውስም። ሱቅ ገብታ መሳቢያውን ጎተተችና የደብዳቤውን ፖስታ ቀደደችው።

«ያን ቀን ሻይ ቤት ጥዬሽ ስሄድ» ይላል፣ በዚያው በካሬ ካሬው ወረቀት፣ «ምን እንዳሰብሽ አውቃለሁ። እግሬ ከበሩ ሳይወጣ ነው ያወቅሁት። ግን ተመልሼ ምን ልበልሽ? ልጅሽን ከእጅሽ የነጠቀው ፊርማ፣ ልጅ ሆኜ በትምህርት ቤት ሰርተፊኬቴ ላይ የማየው ፊርማ ነው። ዘወር ያለውን ጭራውን ሳይቀር አውቀዋለሁ። ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሁን ግን ወስኛለሁ። የአባቴ ስም ይጥፋ፤ ካስፈለገ እሱም ይርገመኝ። ስሜን፣ ፍቅሬን፣ ቤቴን እንደፈለግሽ ፍርድ ቤት አቅርቢው። ልጅቷ ትመለስልሽ እንጂ እኔን ለዘላለም ባታይኝም...»

ደግማ አነበበችው። ጠላኝ ያለችው ሰው ለካ አልጠላትም። ደስታው ግን ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ። ከደብዳቤው ውስጥ አንድ ነገር ጎደላት፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሌሊቱን ሙሉ አሰበች። ያወቀችው ጠዋት የልጅቷን ፀጉር ስታበጥር ነው። ስታውቀው ማበጠሪያው እጇ ላይ ቆመ።

«እታለም፣ ለምን ቆምሽ?» አለች ጥያቄ። እናቷን ስለማታውቅ «እማ» ብላ የምትጠራው ሰው የለም፤ አክስቷን እታለም ነው የምትላት።

«ምንም አይደል፣ የኔ ቆንጆ።»

«ምንም ካልሆነ ለምን ዓይንሽ ቀላ?»

*

የቅየሳ መሥሪያ ቤቱ የንድፍ ክፍል ሰፊ ነው። ጠረጴዛዎቹ ዘመም ያሉ ናቸው፤ ካርታዎቹ እንደ ታጠበ ልብስ በመቆንጠጫ ገመድ ላይ ተሰቅለዋል። ስትገባ ሦስቱ የቀያሹ ባልደረቦች አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩና፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሻይ አማራቸው። በሩ ተዘጋ።

ቀያሹ ከስቷል። ጢሙን አልተላጨም። ሊያቅፋት አንድ እርምጃ ተራመደና ፊቷን አይቶ ቆመ።

«አነበብሽው?»

«አነበብሁት። አንድ ነገር ልጠይቅህ መጣሁ። አባትህ እኔን ያውቁኛል?»

«አያውቅሽም። ለጠበቃዋም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ስሜንስ?»

«አያውቅም።»

«መነጽር የምትሠራ አንዲት ሴት አለች ብለህ፣ እንዲያው ለቀልድ እንኳ፣ ማዕድ ላይ አንስተኸኝ ታውቃለህ?»

ዓይኑን ወደ ካርታዎቹ አዞረ። ከገመዱ ላይ አንድ ካርታ በነፋስ ተወዛወዘ።

«ታዲያ ፍርድ ቤት ቀርበህ ምንድን ነው የምትለው?»

«እወዳታለሁ እላለሁ! እውነት ነው። የቀረውን እነሱ ያስቡት።»

«እነሱ የሚያስቡት ውሸት ነው!» ድምፅዋ ከፍ አለ። «አባትህ ሳይጠይቁ የቀሩት ነገር አለ፣ ተሳስተዋልም፤ እሱን በይግባኝ አስረዳለሁ። ተንኮል ግን አልሠሩብኝም። ለምን እርግጠኛ እንደሆንሁ ታውቃለህ? አንተ ስለደበቅኸኝ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ውስጥ ስለ እኔ አንዲት ቃል ስላልተነፈስህ ነው። እሳቸውን ነጻ የሚያወጣቸው ነገር አንተን ነው የሚከስህ።»

ቀያሹ በጥፊ የተመታ ይመስል ወደ ኋላ አለ። «ፈራሁ» አለ።

«ምኑን?»

«እናቴን። ምን ትላለች፣ ማንን ትጠራለች... እንዳያስቀይሙሽ ብዬ።»

«እኔን ነው ወይስ አንተን?»

«እኔን» አለ። ውሸት አልጨመረበትም። ዓይኑ እንባ ሞላ። «እኔን። ግን አሁን ሁሉንም ልጥል ተዘጋጅቻለሁ እኮ! አባቴን በአደባባይ ላዋርደው፣ ቤቴን ልልቀቅ...»

«ማን ጣል አለህ?» አለችው፤ ቁጣዋ እየሟሸሸ። «እኔ ሰው ተዋርዶልኝ ልጅ ማስመለስ አልፈልግም። ያቺን ልጅ ታውቃታለህ፤ አንድ ቀን ማን እንዴት እንዳስመለሳት ትጠይቀኛለች። የማትጠይቀው ነገር የለም። ‹የአንድ ሽማግሌን ስም አጥፍቼ ነው› ልበላት?»

ደብዳቤውን ዘመም ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ተንሸራተተ፤ እሱ በእጁ ያዘው።

«ለጠበቃዋ ነግረሃል፤ ለችሎት ልትነግር ነው፤ ለወረቀት ሁለት ዓመት ነግረሃል። ፍቅርህን ለፍርድ ቤት አትንገርልኝ። ለቤትህ ንገርልኝ። ለዚያም ካልሆነ...»

አልጨረሰችውም። ብትጨርሰው ስለምታለቅስ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ሻይ ያማራቸው ሦስቱ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመው አገኘቻቸው፤ ሁሉም የጫማቸውን ማሰሪያ ማየት ጀመሩ። እስከ መንገዱ ማዶ ድረስ «ና ተከተለኝ» እያለ የሚጮኸውን የራሷን ልብ እየረገመች ሄደች። አልተከተላትም።

*

ጠበቃዋ ውሳኔዋን ሲሰሙ ብዙ አላወሩም። «እንዲያውም ደስ አለኝ» አሉና የይግባኙን ማመልከቻ በአራት ገጽ ጽፈው አቀረቡ። እግዱ ተፈቀደ። ትምህርት ተዘጋ፤ ልጅቷን ማንም አልተረከባትም። ከቀያሹ ግን ወሬ የለም። ባለሱቁ ፖስተኛው ባለፈ ቁጥር ሳይጠየቁ «ዛሬም የለም» ይሏታል፤ እሷ «ምኑ?» ትላለች።

ይግባኙ የሚሰማበት ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከፊት ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል። በስተቀኝ የልጅቷ አባት ከሚስቱ ጋር፣ ሱሪው በደንብ የተተኮሰ፣ ጣቶቹን እያፍተለተለ። ጠበቃዋ በአዲሱ መነጽራቸው ተነሥተው ስለ ኮሪደሩ ሊናገሩ ሲሉ የመሐል ዳኛው እጃቸውን አነሡ።

«ከክርክሩ በፊት ለሁለቱም ወገን ማሳወቅ ያለብን ነገር አለ። ውሳኔውን ከሰጡት ዳኛ ለዚህ ችሎት የተጻፈ ደብዳቤ ደርሶናል።» አነበቡት። «‹በዚህ መዝገብ ውሳኔ ስሰጥ ይግባኝ ባይዋን ከችሎት ውጪ አላውቃትም ነበር። ከውሳኔው በኋላ ልጄ ሊያገባት እንደሚፈልግ ከራሱ አፍ፣ በእናቱ ፊት፣ በቤቴ ሰምቻለሁ። ችሎቱ ነገሩን መዝኖ የሚገባውን ክብደት እንዲሰጠው፣ ከማንም ሳይሰማ ከእኔ ይሰማ ብዬ አሳውቃለሁ።›»

አዳራሹ ጉምጉም አለ። መነጽር ሠሪዋ ጆሮዋ ጭው አለባት። ሊያገባት እንደሚፈልግ። በእናቱ ፊት። በቤቴ። ቃላቱ በዳኛ ደረቅ ድምፅ፣ እንደ አንቀጽ ቁጥር ነው የተነበቡት፤ ለእሷ ግን ከዚያ በፊት ማንም እንዲህ ያለ ነገር ነግሯት አያውቅም። ፊቷ ቦግ አለ። ዞር ስትል ከኋላው አግዳሚ ላይ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ጢሙን ተላጭቷል። ዓይኑን አልሰበረም፤ እሷም አልሰበረችም፤ ጠበቃዋ በክርናቸው ጎሸም እስኪያደርጓት ድረስ።

«ይግባኝ ባይ በዚህ ነጥብ የምትጠይቁት አለ?» አሉ የመሐል ዳኛው።

ጠበቃዋ ወደ ደንበኛቸው አዩ። እሷ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«የለም ክቡር ዳኛ። ዳኛውን አንጠረጥርም። የመጣነው ስለ ልጅቷ ነው።»

የመሐል ዳኛው ብዕራቸውን አነሡ። «ልጅቷ የት ናት?»

«እንደ ወትሮዋ፣ ኮሪደር ላይ።»

ጥያቄን ከሦስቱ ዳኞች ጋር በቢሯቸው ሃያ ደቂቃ አስቀመጧት። ስትወጣ ማስቲካ እያኘከች ነበር። የተነጋገሩትን ማንም አልሰማም፤ ጸሐፊዋ ግን በኋላ ለጠበቃዋ እንደነገረቻቸው፣ መጀመሪያ የጠየቀችው ልጅቷ ናት፤ «እስከ ዛሬ ለምንድን ነው ያልጠራችሁኝ?» ብላ። 

በቀጣዩ ሳምንት አንዲት ባለሙያ የሁለቱንም ቤት ጎበኘች። የሴትዮዋ ፊት ምንም ስለማይነበብበት መነጽር ሠሪዋ ያን ሳምንት እህል ሲያንቃት ከረመች። በሦስተኛው ሳምንት ውሳኔው ተነበበ። የሥር ፍርድ ቤት ልጅቷን ሳይጠይቅ፣ አኗኗሯንም ሳያጣራ መወሰኑ ስሕተት ነው ተባለ። ልጅቷ ካሳደገቻት አክስቷ ጋር ትኑር፤ አባቷ በየሳምንቱ ቅዳሜ ይውሰዳት፤ ዕረፍቱንም ይካፈሉ። ጠበቃዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ የቆሸሸው መነጽሩ አልነበረም።

ኮሪደሩ ላይ የልጅቷ አባት ብቻውን ቆሞ አገኘችው። ልታልፈው ፈለገች፤ አልቻለችም።

«መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት ቅዳሜ ቅዳሜን ብቻ ስጪኝ ብልሽ ትሰጪኝ ነበር?» አላት።

አሰበች። «እሰጥህ ነበር።»

«አልጠየቅሁሻ» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ሁሉንም ካልወሰድሁ አባት የሆንሁ አልመሰለኝም።»

«ቅዳሜ በጊዜ ና» አለችው። «ቁርስ ሳትበላ ነው የምትጠብቅህ፤ አውቃታለሁ።» ሰውየው እጇን በሁለት እጁ ጨበጠና ቶሎ ሄደ። ስትፈራው የከረመችው ሰው ከኋላው ሲታይ ትከሻው ጠባብ ነበር፤ አሳዘናት።

ልጅቷን ፍለጋ ዞር ስትል፣ ጥያቄ ከአግዳሚው ጫፍ ከአንዲት እመቤት አጠገብ ተቀምጣለች። እመቤቲቱ ኮታቸው ያማረ፣ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ ነው፤ ፊታቸው ግን ላብ ላብ ብሏል።

«ታዲያ ልጅዎ ትልቅ ሰው ከሆነ ለምን ይፈራዎታል?» ትላቸዋለች ጥያቄ።

«እኔም እሱን ነው እየጠየቅሁት ያለሁት የኔ ልጅ» አሉ እመቤቲቱ። ቀና ሲሉ መነጽር ሠሪዋን አዩና ተነሡ። ከኋላቸው ቀያሹ ቆሟል፤ ባርኔጣውን እንደ ተማሪ ደረቱ ላይ ይዞ።

የሁለት ዓመት ፍርሃቷ ባንድ ጊዜ ተመለሰባት። ቀሚሷን፣ የተላጠ ጫማዋን፣ ሌንስ የፋቀው ጣቷን አሰበች።

«ልጄ» አሉ እናትየው፣ «ይህ ጎረምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የደበቀሽ እኔን ፈርቶ ነው አሉ። ይኸን ያህል የሚያስፈራ ፊት እንዳለኝ አላውቅም ነበር። የነገረን ቀን እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቆጣሁ። በማን እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ ተቆጣሁ። በማግስቱ ደግሞ አንቺ በባለቤቴ ስም መጠቀም ስትችዪ እምቢ እንዳልሽ ነገረን። ከዚያ ወዲህ...»  መሐረባቸውን አወጡ። «ባለቤቴ ውሳኔው ተነቦ እስኪያልቅ እዚህ ግቢ እግሬ አይረግጥም ብሎ ቤት ተቀምጦ ስልክ እየጠበቀ ነው። መረታቱን ስነግረው ‹እሰይ› ይላል፤ አውቀዋለሁ። ግን እንዲህ ኮሪደር ላይ የምንነጋገረው ነገር አይደለም። አንቺ ትመጪያለሽ ወይስ እኔ ልምጣ?»

መነጽር ሠሪዋ ቀያሹን አየችው። አልለመናትም፤ ለራሱም አልተከራከረም። ዝም ብሎ እናቱ አጠገብ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ኮሪደር፣ ማንም እንዲያየው ቆሟል። የተቆጣችበትን ቃል ሁሉ ልትሰበስብ ሞከረች፤ አንዱንም አጣችው።

«ቅዳሜ ልጅቷ ከአባቷ ጋር ናት» አለች። «እሁድ ግን ቤት ነን። ሁለታችንም።»

«እሁድ እንግዲህ» አሉ እናትየው።

መልሱ ቀላል ነበር። ለትልቅ ሰው የሚባለውን፣ «ይምጡ» የሚለውን ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ኑ» አለች።

እናትየው ልብ አላሉትም፤ ከጥያቄ አዲስ ጥያቄ መጥቶባቸዋል። ቀያሹ ግን ሰማው፤ ለአንድ ሰው ብቻ የሚባል ቃል አይደለም። ባርኔጣው ከእጁ ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎም አላነሣው። እሷም ቃሉን ልመልሰው ብላ አላሰበችም፤ ከአፏ እንደወጣ ደረቷ ውስጥ የነበረው ክብደት ሁሉ አብሮት ወጥቶ ነበርና፣ በዚያ በተጨናነቀ ኮሪደር፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እየሳቀች አለቀሰች።